በሻንጣ የማይገባ ኮምፒውተር

ካርቱም የሚኖር ሐበሻ እዚህ አገር ስንት ጊዜ እንደቆየ ብትጠይቁት «ትንሽ ነው» ይላችኋል። ትናንት ከገዳሪፍ መኪና የወረደውም፣ እዚሁ የወለዳቸው ልጆች ጺም ያበቀሉበትም፣ መልሳቸው ያው ነው። ትንሽ ነው። ስለዚህ አፉን ተዉትና ቤቱ ግቡ፤ ግቡና ዕቃውን እዩ። ቁም ሣጥን አለው? የእንጨት አልጋ አለው? ግድግዳው ላይ ሰዓት ሰቅሏል? ከሌለው ያ ሰው ነገ ሊሄድ ነው። ነገ ሊሄድ ነው ስላችሁ ምናልባት ዘጠነኛ ዓመቱን ይዞ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኛ ግቢ ሁላችንም ነገ የምንሄድ ነን። ካላክላ በሚባል ሰፈር አንድ ሰፊ ሖሽ፣ ግቢ ማለታችን ነው፣ ዙሪያውን አምስት ክፍል፣ በአምስቱም ክፍል ፕሮሰስ ያለው ሐበሻ። ፕሮሰስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ዕድለኞች ላስረዳችሁ፤ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር የሚገባ ፋይል ነው። ፋይሉ አንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ ባለቤቱ ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ ይከርማል። ታዲያ ፕሮሰስ ያለው ሰው ዕቃ ሲገዛ ዋጋው ርካሽ ነው ወይ፣ ጠንካራ ነው ወይ ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚጠይቀው በሻንጣ ይገባል ወይ ብሎ ነው። በዚህ ፈተና የማይወድቅ ዕቃ ጥቂት ነው። ድስቶቻችን አንዱ ሌላው ሆድ ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ ልብሳችን ሚስማር ላይ ነው፤ የምንተኛበት የገመድ አልጋ የቤት አከራዩ ነው። ተዋጥተን የገዛነው የጋራ ንብረታችን አንዲት የሻንጣ ሚዛን ናት፤ መንጠቆ ያላት፣ በእጅ አንጠልጥለው የሚመዝኑባት። እስከ ዛሬ ሻንጣውን መዝኖባት የሄደ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ሽንኩርት እንመዝንባታለን።

የዚህ ሕግ ጠባቂ ጋሽ ተፈራ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል፤ በግቢያችን በዕድሜም በመጠበቅም የሚበልጠው የለም። የሚሰፋበት መኪና እንኳ የራሱ አይደለም፤ በኪራይ ነው። «ያንን መኪና ምን አደርገዋለሁ ስሄድ?» ይላል። እስካሁን በከፈለው ኪራይ ሦስት መኪና ይገዛ እንደነበር ሒሳቡን የሠራለት አንድ ጎረቤት ነበር፤ ዓመት ሙሉ ተኩራርፈው ከረሙ።

እኔ ደግሞ ጌቱ እባላለሁ፣ የፍሪጅና የሙከይፍ ጠጋኝ ነኝ። ሙከይፍ የምንለው ቤት የሚያቀዘቅዘውን ማሽን ነው፤ በካርቱም በጋ ሰው እናቱን ከሚወድ እሱን ቢወድ አይፈረድበትም። ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ባለች ወርክሾፓችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ቤት የሚያቀዘቅዝ ነገር ስጠግን እውላለሁ። ባለቤቴና ልጄ ማኅሌት ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ኖርዌይ ሄደዋል። የኔ ፋይል ከመጋባታችን በፊት ለብቻው የተከፈተ ስለነበር «አንተ ትከተላለህ» ተባልኩ። ማሂ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ሆናለች፤ እኔም እየተከተልኩ ነው።

በስልክ እናወራለን ብላችሁ እንደሆነ፣ እናወራለን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» «በላሽ?» «በላሁ።» ከዚያ እኔ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ እሷ «እማዬን ላቅርብልህ?» ትላለች። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለ ልጅ እንኳ «ትምህርት እንዴት ነው» ሲባል ከ«ጥሩ ነው» ሌላ ቃል አያወጣም። ልዩነቱ፣ አጠገባችሁ ያለው ልጅ ከዚያ በኋላ ውኃ ይደፋል፣ ከእህቱ ጋር ይጣላል፣ ጫማው ጠፍቶት ይነጫነጫል፤ በዚያ ሁሉ መሀል ታውቁታላችሁ። በስልክ ግን ውኃ የሚደፋ የለም። የሚቀረው ጥያቄና መልስ ብቻ ነው፤ ጥያቄዎቼም አልቀውብኛል።

አንድ ዓርብ ቀን እንደ ወትሮው ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷ ሳላስበው ቀደመችኝ።

«ባባ፣ ለምን ጌም ውስጥ አትመጣም? እዚያ እናወራለን።»

ካርቱም ያደገ ልጅ አባቱን «ባባ» ነው የሚለው፤ ይህቺን ቃል ኖርዌይም ድረስ ይዛት ሄዳለች። ጌሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኳት። ደን አለ፣ ባሕር አለ፣ ሰው የራሱን ቤት ይሠራል፣ ጓደኞቹ ከየአገሩ ይገቡና አብረው ይሄዳሉ። ሁለታችንም እንገባለን፣ እየሄድን እናወራለን። «ግን የጌም ኮምፒውተር ያስፈልግሃል» አለችኝ፤ «እሺ» አልኳት። በሕይወቴ ኮምፒውተር የነካሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አቧራ ልጠርግለት።

ምክር ፍለጋ ወደ ጋሽ ተፈራ ሄድኩ። ሳቃችሁን ተዉት፤ እናንተም የማታውቁትን ነገር ልትገዙ ስትሉ የማታውቁትን ነገር የማያውቅ ሽማግሌ ነው የምታማክሩት። ጋሽ ተፈራ መቀሱን አስቀመጠና ብዙ አሰበ። «ላፕቶፕ ግዛ፤ ቀጭኑን። ነገ በረራ ቢመጣ ብብትህ ሥር አድርገኸው ትወጣለህ፣ ኸላስ፣ በቃ» አለኝ። የበረራ ነገር ሲነሳ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ሰው እንዳይሰማው ይመስል።

ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቋ ኢማን የምትባል ወጣት ሱዳናዊት ናት፤ እጇ ላይ ብሎን መፍቻ፣ ጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ። እኛ የእጅ ሙያ ያለን ሰዎች ሰውን በእጁ ነው የምናየው፤ የሷ ጣት ጫፍ እንደኔው የተቧጨረ ነበርና ወዲያው ወደድኳት። «ለምን ነው የምትፈልገው፣ ያ ዓሚ?» አለችኝ። ዓሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አርባ ስድስት ዓመት የሞላችሁ፣ ሽበት የጀመራችሁ፣ ቀለም የነካው ቱታ የለበሳችሁ ሰው ብትሆኑና ልጃችሁ የምትሆን ሴት «ለምን ነው» ብትላችሁ፣ «ለጨዋታ» ትላላችሁ? እኔም አላልኩም። «ለሥራ ነው» አልኩ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ ጨመርኩበት፤ «ለሒሳብ።»

ለሒሳብ የሚሆን ቀጭን ላፕቶፕ ሰጠችኝ። ያጠራቀምኩት ሁሉ እሱ ላይ አለቀ። ግቢ ስደርስ ጋሽ ተፈራ በሚዛኑ አንጠለጠለው፤ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ አነሳው። እንዲህ ያለ ቀላል ዕቃ ግቢያችን ገብቶ አያውቅም ነበርና መረቁኝ። ማንም ሰው ግን ምን እንደሚሠራ አልጠየቀም።

የሚቀጥለው ዓርብ ደረሰ። ጌሙን እናቷ ከዚያ ሆና ገዝታልኝ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲጫን ዋለ። ማሂ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ተላጭቼ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ለምን እንደተላጨሁ አትጠይቁኝ፤ በጌሙ ውስጥ ፊቴ አይታይም።

ገባሁ። ደን የተባለው አረንጓዴ ጭጋግ ሆኖ ታየኝ። አንድ እርምጃ ለመራመድ ስጫን ላፕቶፑ አቃሰተ፣ ስዕሉ ደረቀ፣ እንደገና ሲመጣ ሌላ ቦታ ነኝ፣ ውኃ ውስጥ። ሆዱን በእጄ ብነካው ጎማ የሚያቀልጥ ነው። የፍሪጅ ሰው ነኝ፤ የሚታነቅ ማሽን ድምፅ አውቃለሁ። ይሄ እየታነቀ ነበር።

«ባባ፣ ለምን ቆምክ?»

«እየሄድኩ ነው።»

«ቆመሃል እኮ። ጓደኞቼ ሄዱ።»

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀችኝ። በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ ለእንግዳ በሚነገር አነጋገር፣ «መዓሌሽ ባባ፣ ችግር የለም፣ ሌላ ጊዜ» አለችኝና ከጌሙ ወጣች። አንጀቴን የበላው መጥፋቷ አይደለም። ጨዋነቷ ነው። ልጅ አባቱን ሲያኮርፍ ደህና ነው፤ ቢጮህበትም ደህና ነው፤ ለአባቱ ጨዋ መሆን ሲጀምር ግን አባትየው እየራቀ ነው ማለት ነው። እንደ ሩቅ አጎት ሆኛለሁ። ያን ቀን ገባኝ፤ ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም፣ ልጄን እያጣኋት ነው።

ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅጄ ላፕቶፑን ይዤ ወደ ኢማን ተመለስኩ። ዐይኔን በጨው አጥቤ እውነቱን ነገርኳት። ለሒሳብ እንዳልሆነ፣ ለጨዋታ እንደሆነ፣ ጨዋታውም ለማን እንደሆነ። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «አባቴ ጅዳ ነው ያለው» አለችና ወንበር ሳበችልኝ። ላፕቶፑን አገላብጣ አየችው፤ ለቀናት የተጠቀምኩበትን ትንሽ ቀንሳ እንደምትቀበለኝ ነገረችኝ። ከዚያ ማስተማር ጀመረች።

«ያ ዓሚ፣ ከከፈልከው ጊሩሽ ግማሹ ለቀጭንነቱ ነው። ጌም ቀጭን አይወድም፤ ስዕሉን የሚሠራ የራሱ ካርድ ይፈልጋል፣ ካርዱ ደግሞ ይሞቃል፣ የሚሞቅ ነገር መተንፈሻ ይፈልጋል።»

የምታወራው ስለ ኮምፒውተር ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን ስለ ፍሪጅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ስለ ኮምፒውተር ሲናገር ገባኝ። «በዚህ በጀት አዲስ ነገር አታስብ» አለች። ከአንድ ቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ አመጣች፤ የሚያምር አይደለም፣ ጥቁር ቆርቆሮ ሣጥን ነው፣ ቢሮው የለጠፈበት ቁጥር እንኳ አልተላጠም። ውስጡ ግን ባዶ ቦታ አለው፤ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ትሰካበታለች፣ አንድ ራም ትጨምርበታለች፣ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ጠንከር ባለ ትቀይረዋለች፤ ምክንያቱም ደካማ ከሆነ ካርዱን መሸከም አይችልም። ስክሪኑንም ጨምሮ ከላፕቶፑ ዋጋ ያነሰ ነው፣ ጉልበቱ ግን እጥፍ ነው አለችኝ። መግዛት ያሰበ ጀማሪ ካለ ምክሩ ከኔ ሳይሆን ከሷ ነውና ያዙት። ሌላም ምክር ከኔ፤ ለምን እንደፈለጋችሁት ለሻጩ አትዋሹ።

ካርዱን ሰክታ ስታስነሳው ጆሮዬን አቆምኩ። «ይሄ ፋን ደርቋል፤ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወር አይቆይም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ነቅላ ሌላ ሰካች። እሱንም አዳመጥኩት። «ይሄ ደህና ነው።» ከዚያ በኋላ «ዓሚ» ቀረና «ያ ባሽሙሃንዲስ» ሆንኩ፤ ኢንጂነር ማለቷ ነው። ደስታዬን ለመደበቅ ዞሬ ኬብል ማየት ጀመርኩ።

ልትጠቀልልልኝ ስትል አንድ ነገር ጠየቀች።

«ይኼ ከባድ ነው። ትጓዛለህ እንዴ?»

እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «ኢንሻላህ በቅርቡ» ስለው የነበረ ጥያቄ። መልሱ ምላሴ ላይ ደርቆ ተቀምጧል፤ ከአፌ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረኝ። አልወጣም አለኝ። ዴስክቶፕ የገዛ ሰው እዚህ ነኝ ያለ ሰው ነው። እዚህ ነኝ ማለት ደግሞ እነሱ እዚያ ናቸው ማለት ነው። ያንን ለስድስት ዓመት አላልኩም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሳልለው ከቤት እወጣለሁ፣ ማታ ሳልለው እገባለሁ። በግራ እጄ ቀጭኑን ላፕቶፕ ይዣለሁ፤ ከፊቴ ጥቁሩ ሣጥን አለ። ላብ አጠመቀኝ፤ ሙከይፉ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር፣ በደንብ ይሠራል።

«የዛሬን ከሆነ፣ አልጓዝም» አልኳትና ላፕቶፑን አስረከብኩ።

ስክሪኑን ታቅፌ፣ ሣጥኑን ከአጠገቤ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ለሁለታችንም ከፍዬ በሓፍላ ካላክላ ገባሁ። ሓፍላ የሚሉት ሚኒባሱን ነው። ከፌርማታው እስከ ግቢ በረክሻ፤ ባጃጁን ማለቴ ነው። ሖሹ በር ላይ የቆመው ጋሽ ተፈራ ነበር። ሣጥኑን አየ፤ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ዞሮ ወደ ጎረቤቶቹ በር ሄደ።

ዕቃዬን ገጥሜ ሳልጨርስ ጎረቤት ተሰበሰበ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። አንዷ ለስላሳ ይዛ መጣች። አንዱ ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ። የገባኝ ጋሽ ተፈራ ትከሻዬን ሲይዘኝ ነው።

«አይዞህ ጌቱ። ፋይል ይዘጋል፣ ይከፈታል። አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።»

«አልተዘጋም እኮ ጋሼ።»

«ተው፣ እኛ ሰዎችህ ነን። ከኛ አይደበቅም።»

«እውነቴን ነው፣ አልተዘጋም። ኮምፒውተር ነው የገዛሁት።»

ሁሉም ሣጥኑን አዩት፤ ሬሳ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። እንዳላመኑኝ ዐውቃለሁ። እኔም ብሆን አላምንም ነበር፤ ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ እንዴት ከባድ ዕቃ ይገዛል? አንዳችን ሰዓት ግድግዳ ላይ ብንሰቅል ሌሎቻችን ለቅሶ እንደምንደርስ ያን ቀን ተማርኩ። ለስላሳውን ጠጥተው፣ አጽናንተውኝ፣ በየተራ እጄን ጨብጠው ወጡ። ጋሽ ተፈራ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ዞሮ ሣጥኑን በአንድ እጁ ሊያነሳ ሞከረ፣ አቃተው፣ አስቀመጠው። «ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለኝ። እንዳልመዘንኩት ነገርኩት። «ስታስነሳው ልየው?» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። አስነሳሁለት። የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን ፊቱ ላይ ሲያርፍ ያ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ «ብሩህ ነው» አለ።

ዓርብ ደረሰ። አሁንም ተላጨሁ። ማሂ ገባች፣ እኔም ገባሁ። ደኑ ደን ሆነ። ቅጠል አየሁ፤ ቅጠሉ በነፋስ ይወዛወዛል። ከፊት ለፊቴ ቀይ ኮፍያ ያደረገች አንዲት ትንሽ ሰው ቆማ እጇን ታውለበልባለች።

«ባባ! ያላ፣ ተከተለኝ!»

ተከተልኩ። ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። አወጣችኝ። ከዛፍ ጋር ተጋጨሁ። እንጨት ልቁረጥ ብዬ እሷን በመጥረቢያ መታኋት። «ባባ፣ እኔ ዛፍ አይደለሁም!» ብላ ሳቀች። ይህን ሳቅ ረስቼው ነበር፤ አፍንጫዋ ውስጥ የሚያልቅ ሳቅ ነው፣ የእናቴ ሳቅ። «በስተቀኝ! ሌላው ቀኝ! ወየው!» እያለች ታዘኛለች፣ ትቆጣኛለች፣ ታሾፍብኛለች፤ አንድም ጊዜ ጨዋ አልሆነችም። ሰዓቱን ሳየው ከሁለት ሰዓት በላይ አውርተናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደህና ነሽ ወይ አላልኳትም። የመምህሯን ስም አወቅኩ፣ ዓሣ እንደማትወድ አወቅኩ፣ በረዶ ላይ ወድቃ ጥርሷ እንደተሸረፈ አወቅኩ፤ ለካ ማንም አልነገረኝም።

ተራራውን ስንወጣ አንድ ቤት ታየ። እሷ የሠራችው ነው። ሳሎኑን አሳየችኝ፣ የሷን ክፍል አሳየችኝ፣ የእናቷን አሳየችኝ። ከዚያ አንድ በር ከፍታ «ይኼ ያንተ ነው» አለች።

«አሁን ነው የሠራሽው?»

«አይ፣ ቆየ። አምና ነው።»

ገባሁ። መስኮት አለው፤ ባሕሩ ይታያል። ከግድግዳው ጥግ ላይ ሁለት አልጋ አለ፤ አንዱ ከሌላው ጫፍ ጋር ተገጥሞ ረጅም አንድ አልጋ ሆኗል።

«ለምን ሁለት ሆነ?» አልኳት።

«አንተ በጣም ረጅም ነህ አይደል?» አለችኝ። «በደንብ አላስታውስም፤ ግን ቀና ብዬ ነበር የማይህ። አንዱ እንዳያጥርህ ብዬ ነው።»

ግቢያችን ውስጥ ከኔ የሚያጥር ሰው የለም። ከባለቤቴ ጋር ጎን ለጎን ስንሄድ ጆሮዋ ላይ ነው የምደርሰው። የሚያስተኛውን ቁልፍ ፈልጌ አገኘሁና የጌሙን ሰውዬዬን አልጋው ላይ አስተኛሁት።

«ልክ ሆነኝ» አልኳት።